የሕንድ ክላሲካል ሙዚቃ ታላላቆች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሕንድ ሙዚቃ ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚመጣልን የፊልሙ ዘፈን ነው። ዝናቡ፣ ለቅሶው፣ ዛፍ ለዛፍ መሯሯጡ። ከዚያ ጀርባ ግን ሌላ ሙዚቃ አለ። አንድ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ አንድ ራጋ፣ ማለትም እንደ ቅኝት ያለ የዜማ መሠረት፣ ይዞ ሰዓት ሙሉ የሚቆይበት። ይህን ሙዚቃ ሊሰሙ የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምንም አላውቅም። ከየት ልጀምር?

ከሰው ጀምሩ። የራጋ ዝርዝር ይዛችሁ ከተነሳችሁ ቶሎ ትሰለቻላችሁ። የደቡቡ ሥርዓት ብቻ 72 መነሻ ቅኝቶች አሉት፤ ከነሱ የሚወለዱትን ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ይልቅ አንድ ሙዚቀኛ ምረጡና ደጋግማችሁ ስሙት። ከዚያ «ይሄን ሰው ማን አስተማረው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ወደ ሌላ ሙዚቀኛ ይወስዳችኋል፤ እሱም ወደ ሌላ። ትንሽ ስትቆዩ ከታላላቆቹ ስሞች ብዙዎቹ በጥቂት ቤቶች የተሳሰሩ መሆናቸውን ታያላችሁ። በሰሜን ሕንድ እነዚህን ቤቶች ጋራና ይሏቸዋል። ጋራና የመምህርና የደቀ መዝሙር ሐረግ ነው፤ የራሱ የአጨዋወት ስልትም አለው። ከታች ያሉትን መልሶች ስታነቡ ይህን ክር ያዙ።

ሂንዱስታኒ እና ካርናቲክ የሚባሉት ምንድን ናቸው?

ሂንዱስታኒ የሰሜኑ ነው። ፓኪስታንና ባንግላዴሽም ይጋሩታል። ካርናቲክ ደግሞ የደቡቡ ነው፤ የታሚል ናዱ፣ የካርናታካ፣ የአንድራ፣ የቴላንጋና እና የኬረላ።

የሰሜኑ ለዘመናት በሙስሊም ነገሥታት ቤተ መንግሥት አድጓል፤ የፋርስ ተጽዕኖ አለበት። ሙዚቀኛው መጀመሪያ ያለ ምት፣ ቀስ ብሎ፣ ከታችኛው ድምፅ እየተነሳ ራጋውን ይገልጠዋል። አብዛኛውን እዚያው መድረክ ላይ ነው የሚፈጥረው።

በደቡብም መፍጠር አለ፤ ዋናው ግን የተደረሰው መዝሙር ነው። ከሁሉ በላይ የሚከበሩት ደራሲዎች ሦስት ናቸው፦ ትያጋራጃ፣ ሙቱስዋሚ ዲክሺታር እና ሽያማ ሻስትሪ። የሚገርመው ሦስቱም በአንድ ዘመን፣ ቲሩቫሩር በምትባል አንዲት ከተማ ነው የተወለዱት። ትያጋራጃ ከ1767 እስከ 1847 ኖረ። መዝሙሮቹ በአብዛኛው በቴሉጉ ቋንቋ ራማ ለሚባለው የሂንዱ አምላክ የተዘመሩ ናቸው። የታንጃቩር ንጉሥ ስጦታ ልኮ ወደ ቤተ መንግሥት ቢጠራው አልሄድም አለ ይባላል። ዛሬም በየዓመቱ በጃንዋሪ ገደማ ቲሩቫያሩ ውስጥ መቃብሩ አጠገብ ብዙ ሙዚቀኞች ተሰብስበው ይቀመጡና አምስቱን ታላላቅ ድርሰቶቹን አብረው ያዜማሉ።

ቫዮሊንም በደቡብ ቤተኛ ነው። ከአውሮፓውያን የመጣውን ይህን መሣሪያ ወደ ካርናቲክ ካስገቡት ቀዳሚው የሙቱስዋሚ ወንድም ባሉስዋሚ ዲክሺታር ነው። ወለል ላይ ቁጭ ብለው፣ የቫዮሊኑን ጫፍ ቁርጭምጭሚት ላይ አስደግፈው ይጫወቱታል። እንደዚያ ሲያዝ ግራ እጅ አንገቱን መሸከም ስለማይኖርበት ክሩ ላይ እንደ ልብ ይንሸራተታል።

ራጋ ከእኛ ቅኝት ጋር ይመሳሰላል?

በድምፆቹ በኩል አንዳንዱ አዎ። ቡፓሊ የሚባለው የሰሜን ራጋ አምስት ድምፆች አሉት፤ የትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች ናቸው። በደቡብ ሞሃናም ይሉታል። ጉንካሊን ስትሰሙ ደግሞ አምባሰል ትዝ ቢላችሁ አይግረማችሁ፤ እዚያም ድምፆቹ ያው ናቸው። አንዱ ከሌላው ወሰደ ማለት ግን አይደለም። ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት በብዙ አገር አለ።

ራጋ ደግሞ ከድምፆቹ ዝርዝር በላይ ነው። ቡፓሊ እና ዴሽካር አምስቱም ድምፆቻቸው አንድ ናቸው። ሆኖም ቡፓሊ የምሽት ነው፣ ክብደቱም ሦስተኛው ድምፅ ላይ ነው። ዴሽካር የጠዋት ነው፣ ከአምስቱ የመጨረሻውን ይወዳል። የለመደ ጆሮ ወዲያው ይለያቸዋል። የሰዓቱ ነገር በሰሜን ከደቡቡ ይጠብቃል። ባይራቭ ንጋት ላይ፣ ያማን ሲመሽ፣ ማልካውንስ ሌሊቱ ሲገፋ፣ የማልሃር ራጋዎች ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ይጫወታሉ።

ራቪ ሻንካር በእውነት ታላቅ ነበር ወይስ ቢትልስ ናቸው ያሳወቁት?

ይህ ጥያቄ ትንሽ ያናድደኛል፤ ግን ተገቢ ነው። የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን በ1966 ሲያገኘው ራቪ ሻንካር 46 ዓመቱ ነበር። የሕንድ ብሔራዊ ሬዲዮን ኦርኬስትራ መርቷል። ለዳይሬክተሩ ሳትያጂት ራይ «ፓተር ፓንቻሊ» ፊልም ሙዚቃውን ሠርቷል። አውሮፓና አሜሪካ እየዞረ ሲታሩን፣ ያን አንገተ ረጅም የክር መሣሪያ፣ ካሰማ አሥር ዓመት ሆኖታል። ሃሪሰን ሲታር ሊማር ወደ እሱ የሄደውም ስሙን ሰምቶ ነው።

ሕይወቱ ራሱ ይገርማል። በ1920 ቫራናሲ ተወለደ። በአሥር ዓመቱ ከታላቅ ወንድሙ ከኡዳይ ሻንካር የዳንስ ቡድን ጋር ፓሪስ ገባ። ዳንሰኛ ሆነ፣ ዓለምን ዞረ፣ ጥሩ ልብስ ለመደ። በ1938 ግን ያን ሁሉ ትቶ ማይሃር ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄደ፤ ኮረዳና ጎረምሳ የሚያጨበጭብለትን መድረክ ትቶ ኃይለኛ መምህር ፊት ተቀመጠ። እዚያ ዓመታት ቆየ። የተሠራውም እዚያ ነው።

የሂፒዎቹ ዘመን ዝናም ራስ ምታትም አመጣለት። በ1967 ሞንተሬይ፣ በ1969 ውድስቶክ በሚባሉት የአሜሪካ የሙዚቃ በዓላት ላይ ተጫወተ። ሙዚቃውን ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር ሲያያይዙት ግን አይወድም ነበር፤ ደጋግሞ ተናግሯል። ኦገስት 1 ቀን 1971 ኒው ዮርክ በተደረገው የባንግላዴሽ ኮንሰርት ላይ የሆነው ደግሞ አሁንም ያስቃል። መሣሪያቸውን ቃኝተው ሲጨርሱ ሕዝቡ አጨበጨበ። ራቪ ሻንካርም መቃኘታችንን ይህን ያህል ከወደዳችሁት ጨዋታውን የበለጠ እንደምትወዱት ተስፋ አደርጋለሁ አላቸው። በዚያ መድረክ አጠገቡ ሳሮድ የሚባለውን የክር መሣሪያ የያዘው የመምህሩ ልጅ አሊ አክባር ካን ነበር። ታብላ የሚባለውን ጥንድ ከበሮ የመታው አላ ራካ ነው። ይህን ስም ያዙት፤ ወደ ልጁ እንመጣለን።

ስለ ማይሃር ብዙ ይወራል። ምን ነበረ እዚያ?

አንድ ሰው ነበረ፤ አላውዲን ካን። የማይሃር ንጉሥ የቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ ነበር። ዋና መሣሪያው ሳሮድ ይሁን እንጂ የማይጫወተው መሣሪያ አልነበረም ማለት ይቻላል። ቁጡ ነው፣ ይማታል፣ ስህተት አያልፍም። ያው ሰውዬ ደግሞ ከ1918ቱ ወረርሽኝ በኋላ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ሰብስቦ ሙዚቃ ያስተማረ፣ የማይሃር ባንድን ያቋቋመ ነው። ለባንዱ ከጠመንጃ አፈሙዝ የሙዚቃ መሣሪያ ሠራ። እኔ ከሁሉም ታሪኮቹ ይህን እወዳለሁ።

ከእጁ የወጡትን ተመልከቱ። ልጁ አሊ አክባር ካን፣ የሳሮድ ጌታ፤ በ1955 ቫዮሊን ተጫዋቹ ዩዲ ሜኑሂን ጋብዞት ኒው ዮርክ ተጫወተ፣ በ1967 ካሊፎርኒያ ውስጥ የራሱን የሙዚቃ ኮሌጅ ከፈተ። ራቪ ሻንካር። ሌላው የሲታር ሊቅ ኒኪል ባነርጂ። የእረኛ ዋሽንት የነበረውን ባንሱሪን ለክላሲካል መድረክ ያበቃው ፓናላል ጎሽ። አንዲት ሴት ልጁም አለች፤ ብዙዎች ከሁሉም በላይ ነበረች የሚሏት።

አናፑርና ዴቪ ማለት ናት? ለምን አልተሰማችም?

አዎ፣ እሷ ናት። መሣሪያዋ ሱርባሃር ነው፤ ከሲታር ተለቅ ያለ፣ ድምፁ ወደ ታች የሚወርድ። በ1941 ራቪ ሻንካርን አገባች፤ ትዳሩ አልዘለቀም። በ1950ዎቹ መድረክ ላይ መጫወት አቆመች። ለምን እንደሆነ ብዙ ተብሏል፣ ብዙ ተጽፏል፤ እሷ ግን ስለ ራሷ ማውራት አትወድም ነበር። በ2018 እስክትሞት ሙምባይ ቤቷ ውስጥ ተዘግታ አስተማረች። የሕዝብ ቀረጻዎቿ የሉም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እሷን መስማት የምትችሉት በተማሪዎቿ በኩል ነው። ኒኪል ባነርጂ አባቷን ብቻ ሳይሆን እሷንም መምህሬ ይላት ነበር።

ሌላው ተማሪዋ ዋሽንተኛው ሃሪፕራሳድ ቻውራሲያ ነው። አባቱ የትግል ስፖርተኛ ነበር፤ ልጁም የእሱን ስፖርት እንዲይዝ ይፈልግ ነበር። ልጁ ተደብቆ ሙዚቃ ተማረ፣ አድጎም የፊልም ስቱዲዮ ሙዚቀኛ ሆነ። ወደ አናፑርና ሲሄድ ደጋግማ መለሰችው። በመጨረሻ ከዜሮ እንደሚጀምር ሊያሳያት ዋሽንቱን የሚይዝበትን እጅ ከቀኝ ወደ ግራ ቀየረ ይባላል። እስከ ዛሬ የሚጫወተው በግራ ነው።

ቢስሚላህ ካን ሙስሊም ሆኖ ቤተ መቅደስ ውስጥ ይጫወት ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሺዓ ሙስሊም ነበር፤ ሶላቱን የሚሰግድ፣ በሙሐረም የሚያለቅስ። ልምምዱን ግን ቫራናሲ ውስጥ ጋንጅስ ወንዝ ዳር ባለ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ያደርግ ነበር። የጥበብ አምላክ የሆነችውን ሳራስዋቲንም ያከብር ነበር። እዚያ ከተማ ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም። መሣሪያው ሸህናይ፣ የሚነፋ መሣሪያ ነው፣ የሰርግና የቤተ መቅደስ በር መሣሪያ ነበር። ወደ ትልቁ የኮንሰርት መድረክ ያወጣው እሱ ነው።

ሕንድ በ1947 ነፃ ስትወጣ በዴልሂው ቀይ ምሽግ ተጫወተ። ጃንዋሪ 26 ቀን 1950 የመጀመሪያው የሪፐብሊክ ቀን ሲከበርም ሸህናዩ ነበረ። በ2001 የአገሪቱን ከፍተኛ ሽልማት ባራት ራትናን ተቀበለ። አሜሪካ መጥተህ ኑር፣ ቫራናሲን እዚሁ እንሠራልሃለን ቢሉት «ጋንጅስንስ ከየት ታመጣላችሁ?» አለ ይባላል። በ2006 ሲሞት ከሸህናዩ ጋር ተቀበረ።

ከደቡብ አንድ ድምፅ ብቻ ብሰማ ማንን ልስማ?

ኤም. ኤስ. ሱቡላክሽሚን። ክርክር የለውም።

በ1916 ማዱራይ ተወለደች። እናቷ ቪና የሚባለው የክር መሣሪያ ተጫዋች ነበረች። የተወለደችበት ወገን የቤተ መቅደስ አገልጋይ ሴቶች ወገን ነው፤ ጥበቡን ተሸክሞ የኖረው፣ ኅብረተሰቡ ግን እየናቀው የመጣው። ከዚያ ተነስታ «ሚራ» በሚለው የ1945 ፊልም አገር አወቃት። ዝናው ጣሪያ ሲነካ ፊልም ተወችና ሙሉ በሙሉ ወደ መዝሙር ዞረች። በ1966 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ አዳራሽ ውስጥ ዘመረች። የኮንሰርት ገቢዋን ለበጎ አድራጎት ትሰጥ ነበር። በ1998 ባራት ራትናን ስትቀበል ከሙዚቀኞች የመጀመሪያዋ ሆነች። ጎህ ሲቀድ የሚባለው «ቬንካቴሳ ሱፕራባታም» የተሰኘው ጸሎት በእሷ ድምፅ ዛሬም በደቡብ ሕንድ ቤቶችና ቤተ መቅደሶች ጠዋት ጠዋት ይሰማል። ቋንቋውን ሳያውቁ የሚሰሙት ሰዎችም ዝም ብለው ይሰሙታል።

ሌሎች ሴቶችስ?

ብዙ ናቸው። መንገዱን የከፈቱትም እነሱ ናቸው። ጋውሃር ጃን የአርመን ዝርያ ያላት የካልካታ ዘፋኝ ነበረች። በ1902 የግራሞፎን ኩባንያ ሰዎች መቅረጫቸውን ይዘው ሲመጡ ቀድመው ከቀረጿቸው አንዷ ናት። ሰዓት የሚፈጀውን ራጋ በሦስት ደቂቃ ሸክላ ውስጥ ማስገባት ነበረባት፤ አስገባችው። መጨረሻ ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ «ስሜ ጋውሃር ጃን ነው» ብላ ጮክ ብላ ትናገራለች። ሸክላውን የሚያትሙት ሰዎች የማን መሆኑን እንዲያውቁ ነው። ቀረጻዎቹ ኢንተርኔት ላይ አሉ፤ ፈልጉና ያቺን የመጨረሻ ሴኮንድ ስሙ።

ናጋራትናማ የምትባል የባንጋሎር ዘፋኝ ደግሞ የትያጋራጃ መቃብር ተረስቶ ስታገኘው በገዛ ገንዘቧ መሬቱን ገዝታ መታሰቢያ አሠራች። የሚገርመው በዓመታዊው በዓል ላይ ሴት እንዳትዘምር ይከለከል ነበር። ሴቶችን አሰባስባ የራሷን ዝግጅት ጀመረች፣ በመጨረሻም ክልከላው ተነሳ። ከሰሜኑ ሙዚቃ ድምፃውያን ጋንጉባይ ሃንጋልን እና ኪሾሪ አሞንካርን አትለፏቸው። ጋንጉባይ ድምፅዋ እንደ ወንድ ወፍራም ነው፤ የማያውቃት ሰው ይሳሳታል።

ስንት ዓመት ነው የሚማሩት? እንዴትስ?

የቆሎ ተማሪን ሕይወት ለሚያውቅ የእኛ አገር ሰው ይህ አይከብደውም። ተማሪው የኔታ ደጅ እንደሚሄድ ሁሉ እዚያም ልጁ ጉሩው ቤት ይገባል። ውኃ ይቀዳል፣ ይላላካል፣ በቃል ይማራል። ወረቀት ብዙም የለም።

ቢምሴን ጆሺን እንውሰድ። በ1922 የተወለደ የካርናታካ ልጅ ነው። በ11 ዓመቱ መምህር ፍለጋ ከቤት ጠፋ። ያለ ቲኬት ባቡር ላይ እየተንጠላጠለ፣ ለተሳፋሪ እየዘፈነ ሰሜን ሕንድን ዞረ። አባቱ ሩቅ ፑንጃብ ድረስ ሄዶ ነው ያገኘው። መጨረሻ ላይ መምህሩን ያገኘው እዚያው ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ሳዋይ ጋንዳርቫን። ውኃ እየተሸከመ ተማረ። በኋላ በመምህሩ ስም ፑኔ ውስጥ በ1953 የጀመረው የሙዚቃ በዓል ዛሬ ከሕንድ ትልልቆቹ አንዱ ነው። ከላይ ያነሳኋት ጋንጉባይ የዚያው መምህር ተማሪ ናት። ክሩን እያያችሁ ነው?

ዛኪር ሁሴን ምን ልዩ ነገር አደረገ?

የአላ ራካ ልጅ ነው። በ1951 ሙምባይ ተወለደ። ድሮ ታብላ መቺ አጃቢ ነበር፤ ስሙ ፖስተሩ ላይ በትንሹ የሚጻፍ፣ አንዳንዴም የማይጻፍ። አባቱ እና የዘመኑ ሰዎች ያን መለወጥ ጀመሩ፤ እሱ ጨረሰው። ሰው ታብላ ለመስማት ብሎ ቲኬት ገዛ። በ1973 ከጊታሪስቱ ጆን ማክላፍሊን ጋር ሻክቲ የሚባለውን ቡድን መሠረተ። በዚያ ቡድን የሰሜኑ ታብላ እና የደቡቡ ጋታም፣ ማለትም የሸክላ እንስራ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲነጋገሩ ትሰማላችሁ። በ2024 መጀመሪያ ላይ በአንድ ምሽት ሦስት ግራሚ ወሰደ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አረፈ።

የፊልም ዘፈኖቹ ከዚህ ጋር ግንኙነት አላቸው?

አላቸው፤ የድሮዎቹ በተለይ። በ1952 የወጣው «ባይጁ ባውራ» ስለ ሙዚቀኞች ውድድር ነው። ተወዳዳሪው የንጉሥ አክባር ዘፋኝ የነበረው ታንሴን ነው። ሙዚቃውን የደረሰው ናውሻድ ለውድድሩ ትዕይንት እውነተኞቹን የክላሲካል ጌቶች አሚር ካንን እና ዲ. ቪ. ፓሉስካርን አዘፈነ። ሞሃመድ ራፊ እዚያው ፊልም ላይ የሚዘፍነው ጸሎት ማልካውንስ ነው። ስለዚህ የሕንድ ፊልም ስታዩ ካደጋችሁ ብዙ ራጋ ሳታውቁት ሰምታችኋል።

ኮንሰርት ላይ መቼ ነው የሚጨበጨበው?

በሰሜኑ ሙዚቀኛው ጥሩ ነገር ሲያደርግ አድማጩ «ዋህ!» ይላል፤ እዚያው፣ መሃል ላይ። ነውር የለውም። በተለይ የምቱ ዙር ተመልሶ የመጀመሪያው ምት ላይ ሲያርፍ። ብዙ ጊዜ የሚጫወተው ቲንታል የሚባለው ዙር 16 ምት ነው። ሙዚቀኛውና ታብላ መቺው ለየብቻ ሲባዝኑ ቆይተው አንደኛው ምት ላይ ሲገናኙ አዳራሹ ይተነፍሳል። በደቡብ ደግሞ አድማጩ ራሱ ጭኑን እየመታ በጣቱ ይቆጥራል። ዲሴምበር ላይ ቼናይ የሚሄድ ሰው ይህን በየአዳራሹ ያያል፤ ወሩ ሙሉ ኮንሰርት ነው። የአዳራሾቹ ምግብ ቤቶችም ከሙዚቃው ያላነሰ ወሬ አላቸው።

እሺ፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ልስማ። ምን?

በ1967 የተቀረጸውን «ኮል ኦፍ ዘ ቫሊ» የተባለ አልበም። ቻውራሲያ በዋሽንት፣ ሺቭኩማር ሻርማ ሳንቱር በሚባለው በትር እየመቱ በሚጫወቱት የካሽሚር የክር መሣሪያ፣ ብሪጅ ቡሻን ካብራ በጊታር ይጫወቱበታል። የአንድ የካሽሚር እረኛን ውሎ ከንጋት እስከ ማታ ይከተላል፤ ራጋዎቹም የየሰዓቱ ናቸው። ጥብቅ የክላሲካል ሰዎች ቀለል ያለ ነው ይሉታል። ይበሉ፤ ለጀማሪ ጥሩ በር ነው። ከዚያ ወደ ኒኪል ባነርጂ ሲታር ሂዱ። የመጀመሪያዎቹን ቀስ ያሉ ደቂቃዎች እየዘለላችሁ ወደ ፈጣኑ አትሩጡ። የሚቻል ከሆነ ደግሞ በጆሮ ማዳመጫ ይሁን፤ ከኋላ ሳያቋርጥ የሚያንዣብበው የታንፑራ፣ የአጃቢው የክር መሣሪያ፣ ድምፅ በስልክ ስፒከር አይሰማም።